የአደጋ ጊዜ ሕክምና በሕዝብና በባለሙያ ዓይን

የአደጋ ጊዜ ሕክምና የተጎጂው ቁጥር ካለው ሐኪም፣ አልጋና አምቡላንስ በላይ ሲሆን የሚሰጥ ሕክምና ነው። ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ ያለው ዶራሌ እንዲህ ያለ ዝግጅት ከሚያስፈልጋቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የነዳጅ ማከማቻው፣ በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኮንቴይነር ተርሚናልና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለገብ ወደብ ተጎራብተው ይገኛሉ፤ የኢትዮጵያ ቦቴዎችና ተሳቢዎችም የሚጭኑት ከዚያው ነው።

ሕዝብ ርዳታን የሚመዝነው በፍጥነት ነው፦ አምቡላንስ ቶሎ ይድረስ፣ አብዝቶ የሚጮኸው ይቅደም፣ ሁሉም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ። የባለሙያው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፤ በመጀመሪያ የቦታው ደኅንነት ይረጋገጣል፣ ከዚያ ተጎጂው ይለያል፣ በመጨረሻ ይጓጓዛል።

በሆስፒታሎች ትሪያጅ የሚባለው ልየታ ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይሰጥም። ተነሥቶ መራመድ የሚችል አረንጓዴ ምልክት ይደረግለታል። በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ወይም የታዘዘውን መፈጸም ያቃተው ቀይ ነው፤ ቅድሚያውም የእርሱ ነው። መራመድ ባይችልም ለጊዜው መቆየት የሚችለው ቢጫ፣ የአየር መተላለፊያው ተከፍቶለት እንኳ የማይተነፍሰው ጥቁር ይሆናል። የሚጮኽ ሰው ቢያንስ እየተነፈሰ ስለሆነ ባለሙያው ዝም ያለውን አልፎት አይሄድም። ይህ ለቤተሰብ ጭካኔ ይመስላል፤ ዓላማው ግን ባለው አቅም ብዙ ሰው ማትረፍ ነው።

የቦታውን ደኅንነት አለማስቀደም ምን እንደሚያስከፍል ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት ናዳ ታይቷል፤ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ አለቁ። ሁሉም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሲሄድ የሚሆነው ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በቤይሩት ወደብ ፍንዳታ ታይቷል፤ ሆስፒታሎች ራሳቸው ተጎድተው ሳለ በእግራቸው በመጡ ቁስለኞች ተጥለቀለቁ።

ያም ሆኖ የሕዝቡ ርዳታ የሚናቅ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙውን ሰው የሚያወጣው ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ነው፤ ከውጭ አገር የሚላክ የመስክ ሆስፒታል አብዛኛውን ጊዜ ከቀናት በኋላ ይደርሳል። ኃይለኛ የደም መፍሰስ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ስለዚህ እንደ ዶራሌ ባለ ወደብ ሹፌሩ፣ ረዳቱና ጫኝ አውራጁ ቁስልን በጨርቅ አጥብቆ መጫንን፣ ከእሳትና ከጭስ መራቅን ሊሠለጥኑ ይገባል። አምቡላንስ ብቻ መግዛት የዝግጅቱ ግማሽ ነው።