ጠመንጃው ካምፕ ሲቀር

እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የእስራኤል ወታደር ለሰንበት ዕረፍት ወደ ቤቱ የሚሄደው ጠመንጃውን እንዳነገተ ነበር። አውቶቡስ ይሳፈራል፣ እናቱ ቤት ይገባል፣ መሣሪያውን አጠገቡ አድርጎ ይተኛል። በዚህ ሠራዊት ውስጥ ራሳቸውን ያጠፉ ወጣቶች አብዛኞቹ የተጠቀሙት ይህንኑ መሣሪያ ነበር፤ ብዙዎቹም ቤታቸው ሳሉ፣ ሰንበት ላይ። መመሪያው ተለወጠና ጠመንጃው ካምፕ ይቅር ተባለ። ከለውጡ በፊት በዓመት በአማካይ 28 የነበረው ሞት ወደ 16.5 ወረደ። 40 በመቶ ያህል ቀነሰ ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የቀነሰበት ቀን ነው። ልዩነቱ የታየው በሰንበት ነው፤ መሣሪያው ከእጃቸው በማይርቅበት በሥራ ቀናት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልመጣም። እሑድ ወደ ካምፕ የተመለሰው ወጣት ጠመንጃውን እዚያው ያገኘዋል። ነገር ግን የቅዳሜዋ ክፉ ሰዓት አልፋለች።

«ቆርጦ የተነሣን ሰው ማን ያቆመዋል?» የሚል ነገር ሐኪሞች ዘንድም ይሰማል። ጥናቶቹ ግን ሌላ ነው የሚሉት። ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ውስጥ ከሞት አፋፍ የተረፉ ከ13 እስከ 34 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ከአራቱ አንዱ ገደማ ከወሰነበት ቅጽበት እስከ ሙከራው አምስት ደቂቃ እንኳ እንዳልሞላ ተናገረ። ከሙከራ ከተረፉ አሥር ሰዎች ደግሞ ዘጠኙ ያህል ከዚያ በኋላ ራሳቸውን በማጥፋት አይሞቱም። የጠመንጃ ክፋቱ ያችን ሁለተኛ ዕድል የሚነሣ መሆኑ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የመሣሪያ ነገር ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ግድያ ነው። ነገር ግን በ2022 በመሣሪያ ከሞቱት ከ48,000 በላይ ሰዎች ከ27,000 የሚበልጡት የሞቱት በገዛ እጃቸው ነው። ራሳቸውን ካጠፉ ሰዎች ግማሽ ያህሉ በመጨረሻው ወር የጤና ባለሙያ ዘንድ ቀርበው እንደነበርም ይታወቃል። በእንዲህ ያለ ጉብኝት ብዙ ጊዜ ስለ ሲጋራና መጠጥ ይጠየቃል፣ ደም ግፊት ይለካል፤ ስለ መሣሪያ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ፍሎሪዳ በ2011 ሐኪሞች ስለ መሣሪያ እንዳይጠይቁ የሚገድብ ሕግ እስከማውጣት ደርሳ ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት ዋናውን ክፍል የሻረው በ2017 ነው። ስለ ራስ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ ይተክላል የሚለው ፍርሃትም በምርምር አልተደገፈም።

እንበልና ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ባለቤታቸውን የቀበሩ አንድ አዛውንት ክሊኒክ መጥተዋል። እንቅልፍ የለም፣ እህል አይወርድም። ሐበሻዋ ነርስ «ጋሼ፣ ሐዘን እንዲህ ሲከብድ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው አለ። እርስዎስ አስበው ያውቃሉ?» ትላለች። ዝም ይላሉ፤ እሷም ዝም ብላ ትጠብቃለች። አዎ ካሉ ቀጥሎ የሚመጣው «ቤት ሽጉጥ አለ?» ነው። «ያስረክቡ» ብትል ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ መሣሪያ ክብር በሆነበት አገር ያደገ ሰው እንደ ስድብ ነው የሚሰማው። «ይህ ጊዜ እስኪያልፍ አደራ የሚያስቀምጥልዎት ማን አለ? ወንድም? የንስሐ አባት?» ስትላቸው ግን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። መቼ እንደሚመለስላቸውም አብረው ይነጋገራሉ። አደራ ተቀባዩ አስቀድሞ የስቴቱን ሕግ ማጣራት አለበት፤ መሣሪያን ለሌላ ሰው መስጠት በየስቴቱ የተለያየ ደንብ አለው።

ከቤት ማውጣት ካልተቻለ ጥይቱ ወጥቶ፣ ሽጉጡ በአንድ ካዝና፣ ጥይቱ በሌላ ይቆለፋል። ቁልፉ ወይም ኮዱ በታማሚው እጅ መሆን የለበትም። ቁም ሣጥን ላይ መደበቅ መቆለፍ አይደለም፤ ልጆች ወላጆቻቸው ከሚገምቱት በላይ መደበቂያውን ያውቁታል።

ኢትዮጵያ ገጠር ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ይህንኑ ጥያቄ ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካልም ማንሣት ይኖርበታል። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑትን እየለየች ካገደች ወዲህ ራስን የማጥፋት መጠኗ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ 70 በመቶ ያህል ወርዷል።

አዛውንቱ ከክሊኒኩ ሳይወጡ ነርሷ ለተመረጠው ሰው እሳቸው ባሉበት ትደውላለች፣ ቀጣዩን ቀጠሮም ሩቅ አታደርገውም። አሜሪካ ውስጥ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለሚያስጨንቀው ሰው የተዘጋጀው የስልክ መስመር 988 ቀንም ሌሊትም ይነሣል፣ በአስተርጓሚም ያነጋግራል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ከመስጠት እዚያው ስልካቸው ላይ መዝግቦ፣ እንዴት እንደሚደወል አሳይቶ መሸኘት ይሻላል።