ወጣት ወርዋሪ እንዴት ይመዘናል?

የአሜሪካ ቤዝቦል መልማዮች ወጣት ወርዋሪ ሲያዩ ማስታወሻቸው ላይ ከ20 እስከ 80 የሚደርስ ነጥብ ይጽፋሉ። 50 በዋናው ሊግ መካከለኛ የሚባል ብቃት ነው፤ 80 የሚያገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለእያንዳንዱ የውርወራ ዓይነት ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ ልጁ ዛሬ ያለበት፣ ሌላው ሲጎለምስ ይደርስበታል ተብሎ የሚገመተው። ከባዱ ሥራ ሁለተኛውን መገመት ነው።

ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ጉብታ ላይ ይቆማል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የምትወረወር ኳስ መቺው ዘንድ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። ፋስትቦል የሚባለው ይህ ፈጣን ውርወራ ነው። ፍጥነት በመሣሪያ ስለሚለካ አያከራክርም፤ የመልማዩን ዓይን ቀድሞ የሚስበውም ለዚህ ነው። ከርቭቦል ወደ ፊት እየሾረች ትመጣና መቺው አጠገብ ስትደርስ ቁልቁል ትወርዳለች። ስላይደር ከእሷ ትፈጥናለች፤ መጨረሻ ላይም ወደ ጎን ትሸሻለች።

እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የማየው ቼንጅአፕን ነው። ወርዋሪው ልክ ፋስትቦል እንደሚወረውር ክንዱን በሙሉ ኃይሉ ያወናጭፋል፤ የኳሷ አያያዝ ስለተለየ ግን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነቷ ቀንሶ ትመጣለች። መቺው ቀድሞ ይሰነዝርና አየር ይመታል። በትምህርት ቤት ሜዳ ፈጣን ክንድ ያለው ልጅ ይህን ለመማር የሚያስገድደው ነገር የለም፤ እኩዮቹን በፍጥነት ብቻ ይረታል። በዋናው ሊግ ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪ ግን ያንኑ መቺ በአንድ ምሽት ሁለት ሦስት ጊዜ ይገጥመዋል። ሁለት ዓይነት ውርወራ ብቻ ያለው ቶሎ ይነቃበታል፤ ብዙ ጊዜም ዕጣው ተቀይሮ ገብቶ አንድ ኢኒንግ (የጨዋታ ክፍል) መወርወር ይሆናል።

ኳሷን በፈለጉት ቦታ ማሳረፍም የራሱ ነጥብ አለው። ወርዋሪውን ግሬግ ማደክስን ቺካጎ ከብስ የተባለው ክለብ በ1984ቱ የወጣቶች ምርጫ የመረጠው በሁለተኛው ዙር ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ግዙፍ አልነበረም፤ ፍጥነቱም የሚያስደንቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ 355 ጨዋታ አሸንፏል፤ ከ1992 እስከ 1995 በተከታታይ የምርጥ ወርዋሪ ሽልማት የሆነውን ሳይ ያንግን ወስዷል።

ዋሽንግተን ያላችሁ አንባቢዎች ስቲቨን ስትራስበርግን ታስታውሱት ይሆናል። የከተማችሁ ክለብ ናሽናልስ በ2009 ከወጣቶቹ ሁሉ ቀዳሚ አድርጎ መረጠው። በሰኔ 2010 በመጀመሪያ ጨዋታው 14 ጊዜ መቺ ሳያስመታ መለሰ። ፋስትቦሉ፣ ከርቭቦሉና ቼንጅአፑ ሦስቱም የበሰሉ ነበሩ። በዚያው ዓመት የክርን ጅማቱ ተበጠሰ። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 በወርዋሪው ቶሚ ጆን ላይ የጀመሩት፣ የተጎዳውን ጅማት ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ጅማት የሚተካ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2019 የፋስትቦሉ ፍጥነት ቀንሶ ነበር፤ በከርቭቦልና በቼንጅአፕ ግን ናሽናልስን ለዋንጫ አብቅቶ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ሦስተኛው ውርወራ ምን ያህል እንደሚያኖር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረመ። ከዚያ በኋላ የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። መልማዮቹ ስለ ውርወራዎቹ የገመቱት ትክክል ነበር፤ አንድ ክንድ ስንት ዓመት እንደሚዘልቅ የሚለካ ነጥብ ግን እስካሁን አልተገኘም።

በእጃችን ያለው ጥንቃቄ ነው። በአሜሪካ በወጣው መመሪያ መሠረት የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ95፣ የ17 እና የ18 ዓመት ወጣት ከ105 በላይ መወርወር የለበትም። ልጃችሁን ቤዝቦል ያስመዘገባችሁ ወላጆች፣ ውርወራውን ራሳችሁ ቁጠሩ፤ ክርኔን አመመኝ ካለም በዚያው ቅጽበት ከጉብታው አስወርዱት።