የድሮ ቴፕ ዋጋው በድምፁ ወይስ በመልኩ?

የኡራኤል ጎረቤት ከሆነው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደርና በመልሶ ማልማት ሥራ ምክንያት በርካታ ነዋሪዎች ተነሥተዋል። ቤት ሲለቀቅ ደግሞ በመጀመሪያ የሚራገፈው ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ የጠጣው ዕቃ ነው። በተለምዶ «ቴፕ» የምንለው ባለካሴት ሬዲዮ ከእነዚህ አንዱ ነው። የቆራሌው ጥያቄ «ይሠራል?» የሚል ነው። «አይሠራም» ከተባለ ዋጋው ከቁርጥራጭ ብረት ብዙም አይርቅም።

ይህ አተማመን የዕቃውን ግማሽ ዋጋ ሳይቆጥር ያልፋል። ዘፈን ለማዳመጥማ ስልክ አለ። ዛሬ ቴፕን የሚያስፈልገው መልኩ ነው።

ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ሬዲዮና ካሴት በአንድ ሣጥን ከገቡ በኋላ፣ በተለይ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ፣ የጃፓን ፋብሪካዎች በቅርጽ ጭምር ተፎካከሩ። ከሁሉም የሚለየው የሻርፕ ቪዜድ-2000 ሸክላን አቁሞ ያጫውታል። ሁለት መርፌዎች ስላሉት ሸክላው ሳይገለበጥ ሁለቱንም ገጽ ያሰማል።

ቅርጹ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። መብራት በሌለበት እንዲሠራ ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል፤ እጀታውና ግዙፍነቱም ከዚሁ የመጣ ነው። የአጭር ሞገድ ቁጥሮቹም ለአገራችን አድማጭ ትርጉም ነበራቸው፤ የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982 ነውና። የሸክላ ኅትመት በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲያከትም የአገር ውስጡን የሙዚቃ ገበያ የወረሰው ካሴት ነበር።

ገዢ ምን ይመልከት?

አንደኛ፣ ሙሉነቱን። አንቴናው፣ ቁልፎቹ፣ የካሴቱ መክደኛና የፋብሪካው ስም የተጻፈበት ሳህን ከጎደሉ ምትክ ማግኘት ይቸግራል። በአንጻሩ ካሴት አላዞር ያለ ቴፕ ብዙ ጊዜ የደረቀ ወይም የቀለጠ ቺንጊያ ነው ችግሩ፤ ይህ ይለወጣል። ስለሆነም የተበላሸና ሙሉ የሆነው፣ ከሚሠራውና ከተጎዳው ሊሻል ይችላል።

ሁለተኛ፣ የተሠራበትን ገበያ። ለጃፓን ውስጥ የተሠራ ቴፕ ኤፍኤም የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው፤ ኤፍኤም 97.1ንም ሆነ ሸገር 102.1ን አይደርስባቸውም። በ100 ቮልት የሚሠራ በመሆኑም በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል።

ይህ ሲባል ግን ካፒታል ይታሰርበት ማለት አይደለም። አቅርቦቱ በየጊዜው መቀነሱ እርግጥ ነው፤ ብርቅነት ብቻውን ግን ዋጋ አይሆንም፣ ፈላጊ ይሻል። ፈላጊው ደግሞ ጥቂት ነው፤ እንደ ወርቅ በማግስቱ ገንዘብ አይሆንም። ከቤቱ ያለው ሰው ግን የሚያወጣው ወጪ የለም። ለቆራሌው ከማስረከቡ በፊት አቧራውን ጠርጎ መልኩን ቢያይ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።