ፓራውልቱ ቢተርፍም አንገትዎስ?

መብራት ይዞዎት ቆመዋል እንበል። ከኋላ ያለው ሹፌር ፍሬን ዘገየበትና ገጨዎት። ወርደው ሲያዩ ፓራውልቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። «ይቅርታ»፣ «ችግር የለም» ተባብላችሁ ተለያያችሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን አንገትዎ አልዞር አለ። ለምን?

የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ሸክም የሚይዙት 7 የአንገት አጥንቶች፣ ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው። መኪናው ከኋላ ሲገጭ ወንበሩ ጀርባዎን ወደ ፊት ይገፋል፤ ጭንቅላትዎ ግን ለቅጽበት ባለበት ይቀራል። ያኔ የአንገትዎ የታችኛው ክፍል ወደ ኋላ፣ የላይኛው ወደ ፊት ይታጠፋል። ቀጥሎ ጭንቅላትዎ ወደ ኋላ ይወረወርና ተመልሶ ወደ ፊት ይነጥራል። ሁሉም ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ ጡንቻዎችዎ ለመዘጋጀት ፋታ አያገኙም።

ቀላል ግጭት ሁሉ ጉዳት ያደርሳል ማለት አይደለም። ነገር ግን የመኪናው ደህና መሆን ለአንገትዎ ዋስትና አይሆንም። ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ሊጀምር ይችላል።

መኪና ስንገዛ ስለ ነዳጅ ፍጆታውና ስለ መለዋወጫው እንጠይቃለን፤ የወንበሩን የራስ መደገፊያ ግን ዞር ብለን አናየውም። ለማሸለቢያ የተሠራ የሚመስለው ብዙ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች የፊት ወንበር ላይ በሕግ ያስገደደችው ግን ይህንኑ የአንገት ጉዳት ለመቀነስ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ፦

• የመደገፊያው ጫፍ ከራስዎ አናት ጋር ይስተካከል። ዝቅ ብሎ ማጅራትዎ ላይ ከቀረ በሚገባ አይከላከልም።
• በጭንቅላትዎና በመደገፊያው መካከል ያለው ክፍተት ከአራት ጣት ብዙ አይብለጥ።
• ወንበሩን በጣም አያጋድሙ፤ ከጀርባዎ ወፍራም ትራስ አያድርጉ። ሁለቱም ክፍተቱን ያሰፋሉ።
• ከኋላ የሚቀመጡትን እናትዎንና ልጆችዎንም አይርሱ።

ከግጭት በኋላ እጅዎ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ትውከት ካለ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ሐኪም ሳያይዎት አንገትዎን ለወጌሻ አይስጡ። ሐኪሙ ስብራት የለም ካለዎት ደግሞ አንገትን ለሳምንታት አስሮ ከመቀመጥ ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ ይሻላል።

መደገፊያውን ለማስተካከል አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ነገ ጠዋት ሞተር ከመቀስቀስዎ በፊት ያድርጉት።