የጁሪ አበል የሥራ ገቢን አይተካም

አሜሪካ የንግድ ሸሪክ ያለው ሰው «ለጁሪ ተጠርቻለሁ፤ ጉዳያችን ይቆይልኝ» የሚል መልስ ገጥሞት ይሆናል። በአገራችን ፍርድ የሚሰጡት ዳኞች በመሆናቸው ነገሩ ሰበብ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ በብዙ ክርክሮች ማስረጃውን መዝኖ ውሳኔ የሚሰጠው ከሕዝብ መካከል የተመረጠ የዜጎች ቡድን ነው።

ጥሪው የሚመለከተው 18 ዓመት የሞላቸውን ዜጎች ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው መጠይቁ ሲደርሰው ዜጋ አለመሆኑን ሞልቶ ይመልሳል። ዝም ማለት አያዋጣም። በፌዴራል ፍርድ ቤት ተጠርቶ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ወይም እስከ ሦስት ቀን እስራት ሊደርስበት ይችላል።

ለመሆኑ የቀረውን ገቢ ማን ይሸፍናል? የፌዴራል ሕግ አሠሪው በፌዴራል ጁሪነት የተጠራ ሠራተኛውን በዚሁ ምክንያት እንዳያባርር ይከለክላል። ደመወዙን እንዲከፍለው ግን አያስገድድም። አንዳንድ ግዛቶች ይሻላሉ፤ በማሳቹሴትስ ግዛት ፍርድ ቤቶች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት አሠሪው ይከፍላል። የፌዴራል ፍርድ ቤት አበል ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀን 50 ዶላር ነው።

ጉዳዩን በቁጥር እንየው። አንድ ባለታክሲ ወጪው ተቀንሶ በቀን 150 ዶላር ያገኛል እንበል። ክርክሩ አምስት ቀን ቢፈጅ 750 ዶላር ይቀርበታል፤ በአበል የሚያገኘው 250 ዶላር ነው። 500 ዶላር ከሰረ ማለት ነው። ልጅ የሚጠብቅለት ሰው ከቀጠረ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በአጭሩ ሕጉ የሚጠብቀው የሥራ ቦታን እንጂ ገቢን አይደለም። ለራሱ የሚሠራ ሰውማ የሚጠበቅለት የሥራ ቦታም የለውም።

ታዲያ ምን ይሻላል? መፍትሔው ቀድሞ መንቀሳቀስ ነው። ቀኑ ከሞቀ ገበያ ወይም ከታመመ ወላጅ ጋር ከተጋጨ፣ ጥሪው እንደደረሰ ፍርድ ቤቱን በጽሑፍ የቀን ለውጥ መጠየቅ ይገባል። ፍርድ ቤቶች በቂ ምክንያት ሲቀርብላቸው ብዙውን ጊዜ ቀኑን ያራዝማሉ። ክርክሩ ረጅም መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ችግሩን ለዳኛው መንገር የሚሻለው ከመመረጥ በፊት ነው፤ ከተመረጡ በኋላ መውጣት ያስቸግራል።

የአዲስ አበባው ነጋዴም የራሱ ድርሻ አለው። ችሎት የተቀመጠ ሸሪክ ስልክ አያነሳም፤ ሰነድም አይፈርምም። በዚያ ሳምንት የሚያልቅ ውል ካለ ቀኑን ቀድሞ ማሸጋሸግ ወይም ሸሪኩ ሌላ ሰው እንዲወክል ማድረግ ነው። ግዴታው አይቀርም፤ ኪሳራውን ግን መቀነስ ይቻላል።