የጎታች ጀልባ ፕሮፔለር

የጎታች ጀልባ ፕሮፔለር በውሃ ስኪ፣ በዌክቦርድና በዌክሰርፍ ስፖርቶች የሚያገለግል ጀልባ ከሥሩ የሚገጠምለት፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ግፊት የሚለውጥ ባለ ክንፍ መሣሪያ ነው። አንድ ዓይነት ሞተር ካላቸው ሁለት ጀልባዎች አንዱ ስፖርተኛውን ወዲያው ከውሃ ሲያወጣው፣ ሌላው በፕሮፔለሩ ምክንያት ብቻ ሊያቅተው ይችላል። ትክክለኛው ፕሮፔለር ጀልባውን ከሁሉ አብልጦ የሚያፈጥነው አይደለም። ጀልባው የዘወትር ጭነቱን ይዞ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲሰጠው፣ ሞተሩን አምራቹ በወሰነው የዙር ክልል ውስጥ የሚያደርሰው ነው።

ዲያሜትርና ፒች

በፕሮፔለሩ እምብርት ላይ ብዙውን ጊዜ እንደ 13 × 14 ያለ ጽሑፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር ዲያሜትሩን፣ ሁለተኛው ፒቹን በኢንች ያመለክታል። ዲያሜትር የክንፎቹ ጫፎች ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ስፋት ነው። ፒች ደግሞ ፕሮፔለሩ በጠጣር ነገር ውስጥ እንደ ብሎን ቢጠመዘዝ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። ውሃ ጠጣር ስላልሆነ እውነተኛው ጉዞ ከዚህ ያንሳል፤ ይህም ልዩነት መንሸራተት ይባላል።

ለምሳሌ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር ቢዞርና የካምቢዮው ምጣኔ 1.5 ለ1 ቢሆን፣ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 3,333 ዙር ያህል ይዞራል። ፒቹ 14 ኢንች (35.56 ሴንቲሜትር) ከሆነ የንድፈ ሐሳብ ፍጥነቱ በሰዓት 71 ኪሎሜትር ገደማ ነው። መንሸራተቱ 15 በመቶ ቢሆን ጀልባው በሰዓት ወደ 60 ኪሎሜትር ይሄዳል።

ፒች ከመኪና ማርሽ ጋር ይመሳሰላል። አነስተኛ ፒች እንደ አንደኛ ማርሽ ነው፤ ከባድ ጭነት በቀላሉ ያስነሣል፣ ፍጥነቱ ግን ውስን ነው። ትልቅ ፒች ከፍተኛ ፍጥነት ይሰጣል፣ ሲነሣ ግን ያዘግማል።

እንደ ስፖርቱ ዓይነት

የስላሎም ውሃ ስኪ ውድድር ፍጥነት ለወንዶች እስከ 58፣ ለሴቶች እስከ 55 ኪሎሜትር በሰዓት ይደርሳል። ጀልባው ቀላል ስለሆነ ከፍ ያለ ፒች ሊጠቀም ይችላል። በዌክሰርፍ ግን ፍጥነቱ በሰዓት 17 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትልቅ ማዕበል ለመፍጠር ጀልባው ብዙ ጊዜ ከ1,000 ኪሎግራም በላይ ውሃ በታንከሮቹ ይሸከማል። ስለዚህ ሰፊ ዲያሜትርና አነስተኛ ፒች ያስፈልገዋል።

ባለ 4 ክንፍ ፕሮፔለር ውሃውን በደንብ ስለሚይዝ ለመነሣትና ፍጥነትን ሳይዋዥቅ ለመጠበቅ ይመረጣል። ባለ 3 ክንፉ በከፍተኛ ፍጥነት በጥቂቱ ሊበልጥ ይችላል።

የአመራረጥ ዘዴ

ምርጫው በሙከራ ይረጋገጣል። ጀልባው እንደ ዘወትሩ ሰው፣ ነዳጅና የታንከር ውሃ ይጫንና ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ተሰጥቶት ከፍተኛው ዙር ይነበባል። ውጤቱ በአምራቹ መመሪያ ላይ ካለው ክልል ጋር ይነጻጸራል።

* ዙሩ ከክልሉ በታች ከሆነ ፒቹ በዝቷል። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ስለሚጫን ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል።
* ዙሩ ከክልሉ በላይ ከሆነ ፒቹ አንሷል። ሞተሩ ከመጠን በላይ በመዞር ሊጎዳ ይችላል።

እንደ ተለመደው ግምት ፒቹ በ1 ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሞተሩ 5,200 ዙር መድረስ ሲገባው 4,800 ላይ ከቀረ፣ ባለ 14 ኢንቹን በባለ 12 መለወጥ ጥሩ መነሻ ነው። ከለውጡ በኋላ ሙከራው ይደገማል።

ዲያሜትሩን ማስፋት ግን ገደብ አለው። በክንፉ ጫፍና በጀልባው ሆድ መካከል በቂ ክፍተት ከሌለ ንዝረትና ጫጫታ ይፈጠራል። የመዞሪያው አቅጣጫም (ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ) ከሞተሩና ከካምቢዮው ጋር መስማማት አለበት።

የከፍታ ተጽዕኖ

አየር በከፍታ ቦታ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። በአሜሪካ የሚገኘው የታሆ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,897 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ እዚያ ጉድለቱ ወደ አንድ አምስተኛ ይጠጋል። ከፍታው 1,800 ሜትር አካባቢ በሆነው በጣና ሐይቅም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በባሕር ዳርቻ በትክክል የሠራ ፕሮፔለር በእነዚህ ሐይቆች ላይ ሊከብድ ስለሚችል ፒቹ ዝቅ ይደረጋል።

ጥገናና ደኅንነት

ብዙ ጎታች ጀልባዎች ኒኬልና አሉሚኒየም የተቀላቀለበት የነሐስ ፕሮፔለር ይጠቀማሉ። የክንፉ ጠርዝ በድንጋይ ቢቆረጥ ወይም ቢጣመም ንዝረት ያስከትላል፣ ጉልበትም ያባክናል። ስለዚህ መለዋወጫ ፕሮፔለርና መንቀያውን በጀልባው መያዝ ይመከራል።

የትኛውም ፕሮፔለር በሰው አጠገብ ሲዞር አደገኛ ነው። ስፖርተኛው ወደ ጀልባው ሲመለስ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ማርሹን ነጻ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። በዌክሰርፍ ስፖርተኛው ለጀልባው እጅግ ስለሚቀርብ፣ ፕሮፔለሩ ከጀልባው ጀርባ ወጥቶ ከሚዞርበት ጀልባ ኋላ ይህን ስፖርት መሥራት ክልክል ነው። የሚፈቀደው ፕሮፔለሩ ከጀልባው ሆድ ሥር ገባ ብሎ ከተገጠመለት ጀልባ ኋላ ብቻ ነው።