ጅቡ መቼ አለፈ?

ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ይባላል። ዱካ የሚያነብ ሰው ግን ሥራውን የሚጀምረው ጅቡ ካለፈ በኋላ ነው። ያለፈው ምንድን ነው? ወዴት ሄደ? ከሁሉም በላይ፣ መቼ አለፈ?

ማለዳ ጭቃ ላይ አራት ጣትና የጥፍር ምልክት ያለበት ዱካ ብታዩ ውሻም ጅብም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ጥፍራቸውን መሰብሰብ አይችሉም። ጅብ ግን ከፊቱ ከባድ ነው። ትከሻውና አንገቱ የሰውነቱን ክብደት ወደ ፊት ስለሚያመጡት የፊት እግሩ ዱካ ከኋላው በግልጽ ይበልጣል። መዳፉም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው፤ የውሻው ግን ግራና ቀኙ እኩል ነው። በአቅራቢያው ነጭ ኩስ ከተገኘ ጥርጣሬው ይቀንሳል፤ ጅብ አጥንት ፈጭቶ ስለሚበላ ኩሱ ሲደርቅ በካልሲየም ብዛት ይነጣል። ነብር ደግሞ ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ የጥፍር ምልክት አይተውም። አቦሸማኔ የድመት ወገን ሆኖ ሳለ ጥፍሩ መታየቱ ግን ጀማሪን ያሳስታል። የድኩላና የሚዳቋ ቀላል ነው፤ የተሰነጠቀው ሰኮና ሹል ጫፍ የሄዱበትን አቅጣጫ ያሳያል።

አስቸጋሪው የጊዜው ነገር ነው። ትኩስ ዱካ ጠርዙ ስለታም ነው፤ ነፋስና ፀሐይ ቀስ በቀስ ይንዱታል። ዱካው ውስጥ የዝናብ ጠብታ ጉድጓዶች ካሉ እንስሳው ያለፈው ከዝናቡ በፊት ነው። የሌሊት ነፍሳት በላዩ ተራምደውበት ከሆነ ቢያንስ ሌሊቱን አሳልፏል። ሣሩ ላይ ጤዛው ተራግፎ መስመር ከሠራ ግን ያለፈው ጤዛው ከወረደ ወዲህ ነውና ብዙ አልራቀም። ይህን ለመማር አቋራጭ የለም፤ የራስን እግር አሸዋ፣ ጭቃና ደረቅ አፈር ላይ አትሞ በየሰዓቱ እየተመለሱ ማየት ነው።

የዱካ ንባብ የዓይን ጥራት ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የብርሃኑ አቅጣጫ ይበልጣል። ዱካ የሚታየው በጥላው ስለሆነ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ዱካው ይጠፋል፤ ጠዋትና አመሻሽ ላይ፣ ዱካውን በራስና በፀሐይ መካከል አድርጎ ሲያዩት ደግሞ ጎልቶ ይወጣል። በሌሊት ባትሪን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ከጎን ማብራት ያው ነው።

የጠፋ ሰው የሚፈልጉ ባለሙያዎች በትር ይይዛሉ። ከአንዱ ዱካ ተረከዝ እስከ ቀጣዩ ተረከዝ ያለውን ርቀት በትሩ ላይ ምልክት ያደርጉና፣ ዱካው ሲጠፋ በትሩን ከመጨረሻው ተረከዝ ላይ ግማሽ ክብ ያዞሩታል። ቀጣዩ እርምጃ እዚያ ጠባብ ቀስት ላይ መገኘት አለበት፤ የተሰበረ ጭራሮ ወይም የተገለበጠ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ተከታዩን ለማሳሳት ወደ ኋላ የሚራመድ ሰው እንኳ ይታወቅበታል፤ እርምጃው ያጥራል፣ አፈሩንም ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይጎትተዋል።

ደቡብ አፍሪካዊው ሉዊስ ሊበንበርግ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ዱካ ንባብ የሳይንስ መነሻ ሳይሆን እንዳልቀረ ተከራክሯል። መነሻነቱን ማረጋገጥ ከባድ ነው፤ ስለ አሠራሩ ግን ልክ ይመስለኛል። የካላሃሪ በረሃ አዳኝ ዱካው ድንጋያማ መሬት ላይ ሲቋረጥ አቀርቅሮ አይቀርም። «ቀኑ ሞቋል፣ እንስሳው ደክሟል፣ ጥላ ይፈልጋል» ብሎ ይገምትና ወደ ዛፎቹ ቀድሞ ይሄዳል። ዱካውን እዚያ ካገኘ ግምቱ ጸና፤ ካጣ ግምቱን ጥሎ ሌላ ያነሳል። ቤተ ሙከራ ውስጥም የሚደረገው ይኸው ነው።

ችሎታው ተፈትኗልም። እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ጥናት የናሚቢያ የጁ/ሆአን ማኅበረሰብ አዳኞች 569 የዱካ ጥያቄዎች ቀርበውላቸው 98 በመቶውን በትክክል መልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሦስት የናሚቢያ የሳን ሕዝብ ዱካ አንባቢዎች ወደ ፈረንሳይ ዋሻዎች ተጋብዘው ከ10 ሺህ ዓመት በላይ የቆዩ የሰው ዱካዎችን አነበቡ። አንደኛው ዋሻ ውስጥ በተረከዝ ብቻ የተረገጡ ምልክቶች ነበሩ፤ ቀደም ሲል የአምልኮ ጭፈራ ሳይሆን አይቀርም ተብሎላቸው ነበር። ሦስቱ ሰዎች ግን አንድ ጎልማሳና አንድ ልጅ ሸክላ አፈር ሲያመላልሱ የተዉት ነው አሉ። እኔ የአዳኞቹን ንባብ አምናለሁ፤ ሸክም የያዘን እግር ሲያዩ ነው የኖሩት።

መጀመር ለሚፈልግ ጫካ አያስፈልገውም። ግቢ ውስጥ ጥቂት ደቃቅ አፈር አስተካክላችሁ ደልድሉና ማታ ትታችሁት ማለዳ ተመልከቱ፤ ድመት፣ አይጥ፣ ወፍ ይፈራረቁበታል። ሜዳ ስትወጡ በዱካው ጎን ሂዱ እንጂ አትርገጡት፤ ከጠፋባችሁ የምትመለሱበት ማስረጃ እሱ ብቻ ነው። ያገኛችሁት የነብር ትኩስ ዱካ ከሆነ ደግሞ ወደመጣበት ተከተሉት እንጂ ወደሄደበት አትከተሉት። ትምህርቱ ያው ነው።